ጋሼ ኩማ ገና አልሞቱም

አዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለማቴዎስ ኩማ፣ ላይፕዚግ

ከሁሉ በፊት የጌታ ሰላም ካለህበት አገር ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አንተን ከማጣታችን በቀር የጎደለብን የለም፤ ስሙ ይመስገን።

አባትህ ደህና ናቸው። ባለፈው ሰሞን ሆዳቸውን ትንሽ አመም አድርጓቸው ነበር፤ አሁን ግን በጣም ደህና ናቸው። የፒያሳውን ልብስ ስፌት ቤት ለጊዜው ዘግተው ቤት ያርፋሉ። ራሳቸው እንዳይጽፉልህ መነጽራቸው ተሰብሮባቸዋል። «ልጄ በርትቶ ይማር፤ ስለ እኔ እንዳያስብ፤ ደህና ነኝ በይው» ብለውኛል። እኔም ለሆስፒታሉ ሥራዬ ይቀርበኛል ብዬ እዚሁ እናንተ ቤት ገብቻለሁ።

የከተማው ነገር እንደምታውቀው ነው። ሐይቁ አለ፤ ስኳር የለም። የቀበሌ ስብሰባ በሳምንት ሁለቴ ሆኗል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አባይነሽ ቀን ቀን እየመጡ ያጫውቱናል። ሁሉም ሰላም ብለውሃል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እናንተ አገር ተኝቶ የሚውል በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል ከሥሩ የሚደረግለት፣ በአየር የሚነፋ የጎማ ቀለበት አለ ይባላል። አግኝተህ ብትልክልኝ ውለታህን አልረሳም። ለአንድ በሽተኛዬ ነው፤ አንተ አታውቀውም።

የአክስትህ ልጅ፣ እህትህ
ታቢታ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ታቢታ

ባለሽበት ጤናና ሰላም አይለይሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ አራት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ፣ በእግዜር፣ አባዬ ሞተዋል እንዴ?

አትቆጪኝ። በአንድ ገጽ ላይ «ደህና» እያልሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። ደህና ለሆነ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል። መነጽራቸው ተሰበረ ትያለሽ፤ አባዬ መነጽር የሚያደርጉት ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ብቻ ነው። ደግሞ ስፌት ቤቱ ተዘግቷል። አባዬ እማዬ በሞተች በሦስተኛው ቀን ከፍተው የገቡ ሰው ናቸው። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ወይዘሮ አባይነሽ ቀን ቀን ይመጣሉ አልሽኝ። እሳቸው ለቅሶ የሌለበት ቤት መቼ ገብተው ያውቃሉ?

አብሮኝ የሚኖር ጉልላት የሚባል የደብረ ማርቆስ ልጅ አለ። «እናትህ ደህና ናት፤ ትስምሃለች» እየተባለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጻፍለት ኖረ። ለካስ ሴትየዋ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ኖሯል። ደብዳቤሽን አሳየሁት። አነበበና ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ጉልላት ለሰው ሻይ ሲያፈላ አይቼው አላውቅም።

ስለ ጎማው ጠያይቄ አለ ብለውኛል። ግን በሽተኛው ማን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አልልከውም። እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ማቴዎስ


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ማቴዎስ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። በሽተኛው አባትህ ናቸው። ይቅር በለኝ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሽተኛን የሚዋሹ ዘመዶችን እየተቆጣሁ ከአልጋ ሥር ሳባርር ኖሬ፣ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እንደነሱ ሆንኩ። ዘመድ ተሰብስቦ «ፈተና አለበት፤ እንዳትጽፊለት» አለኝ። እኔም ጅሏ እሺ አልኩ። አሁን ግን ስማኝ፤ አባትህ አልሞቱም። እየሞቱ ነው። ሁለቱ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ከእኔ ጠይቅ፣ እንጀራዬ ነው።

የሆድ ካንሰር ነው። ሐኪሙ ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋቸው። ጋሼ ኩማ ሲነቁ ፋሻውን ገልጠው ስፌቱን አዩትና «ይሄን የሰፋው ማነው? መርፌ መያዝ ማን አስተማረው?» አሉ። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ እቤት ወስጄ ባስታምማቸው እንደሚሻል ነገረኝና ይዣቸው መጣሁ።

እዚህ ማንም «ይሞታሉ» የሚል የለም። ሁሉም «ወፈር ብለዋል፣ ፊትዎ ተመልሷል» ይላቸዋል። እሳቸውም ሰው እንዳይከፋው ብለው «አዎ፣ ይሻለኛል» ይላሉ። አንድ ቀን ጀርባቸውን በአልኮል እያሸሁ «ታቢታ፣ አንቺ ሰው ሲሞት ብዙ አይተሻል፤ ስንት ጊዜ ቀረኝ?» አሉኝ። «ፋሲካን ያያሉ፤ ክረምቱን ግን አይመስለኝም» አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያ ካፖርት መስፋት የለብኝም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሕመሙ ሲብስ መርፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሲያወሩ እሰማለሁ።

ጠያቂ ግን ገደለን! እሁድ እሁድ ስልሳ ሰው ይመጣል። የጸሎት አዳራሻችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመኑ ተሰብስቦ የሚዘምርበት ቤት የበሽተኛ ቤት ብቻ ነው፤ «ጥየቃ ነው» ከተባለ ቀበሌም ዝም ይላል። ስለዚህ አባትህ እንዲቆዩ የማይጸልይ የለም። ጸሎቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ ኩማ እንደተኛ ሰው ዓይናቸውን ይጨፍኑና በመሀል በአንድ ዓይናቸው እኔን ያዩኛል፤ ያኔ «የበሽተኛው መታጠቢያ ሰዓት ደርሷል» ብዬ ሁሉንም አስወጣለሁ። ለወይዘሮ አባይነሽ ደግሞ ከኩሽናው ጀርባ አንድ ወንበር አውጥቼላቸዋለሁ። ማልቀስ ያማረው ሰው እዚያ ሄዶ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ነው ወደ አልጋው የሚቀርበው። አባትህ ይህን ሰምተው «ዛሬ ማን ረጅም አለቀሰ?» ይሉኛል። ካልነገርኳቸው ይቀየማሉ።

ማስረጃ እንዲሆንህ ፎቶ አስነስቻቸዋለሁ። በጋሪ ጭኜ ፒያሳ፣ ጠሀ ፎቶ ቤት አደረስኳቸው። ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ።

ልትመጣ እንደማትችል እናውቃለን። መንግሥት የላከው ተማሪ ሳይጨርስ አይመለስም። ቴሌ ሄጄ ሦስት ቀን ተራ ይዤ ጠበቅሁ፤ ላይፕዚግ አልተገኘም። አባትህ ግን የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፍላቸው። አንድ ሰው ለአባቱ የሚለውን፣ ልትል የፈለግከውን ሁሉ በላቸው። ደብዳቤ ለመሄድ አንድ ወር፣ ለመመለስ አንድ ወር ይፈጃል፤ እኛ ያለን አራት ወይ አምስት ወር ነው። ጎማውንም ላክልኝ፤ እስኪደርስ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ነፍቼ በጨርቅ ጠቅልዬ እየተጠቀምኩ ነው።

እህትህ
ታቢታ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ታቢታ፣

እግዜር ያጽናሽ። እኔንም ያጽናኝ። ፎቶው ደረሰኝ፤ አሁን ቁርጡን አወቅሁ።

አንቺ ለእኔ ብለሽ የደከምሽውን ድካም ጌታ ይቁጠርልሽ። ግን እትዬ፣ በፎቶው ላይ ያሉት አባዬ ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላቸውም! ጉንጫቸው ሙሉ ነው። ግንባራቸው ላይ አንድ መስመር የለም። ይሄ እኔ ሳልወለድ የተነሱት ነው። ካንሰር ይዟቸዋል የተባሉ ሰው እንዲህ የሚያምሩ ከሆነ ሁላችንንም ይያዘን። ጉልላት አይቶ «የእናቴንም እንዲህ ነበር ከሣጥን አውጥተው የላኩልኝ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ለቅሶ ተቀመጥን። የአበሻ ተማሪ ሁሉ መጣ፤ ጸጉሬን ተላጨሁ። ከኛ ይልቅ የጮኸው ጉልላት ስለነበር ጎረቤት ክፍል ያሉት የቬትናም ተማሪዎች የሞተው የሱ አባት መስሏቸው ሩዝ ይዘው የመጡት ለሱ ነው። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ጀርመናዊት ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። የማቴዎስ አባት ሞቶ ነው አሏት። «መቼ?» አለች፤ አናውቅም አልናት። «ማን ነገራችሁ?» አለች፤ ማንም አልነገረንም፣ እንዲያውም ደህና ነው ብለው ነው የጻፉልን አልናት። ደብተሯን አጥፋ ግራ እንደተጋባች ወጣች። እኔም አልፈርድባትም።

እትዬ፣ አንቺ ለአባዬ ጻፍ ብለሽኝ ነበር። ለማን ብዬ ልጻፍ? ስለዚህ ላንቺ ልንገርሽ። አባቴ ጥሩ ሰው ነበሩ። ልጄ በሰው ፊት እንዳያፍር ብለው ከደምበኛ ልብስ ቁራጭ እየለቀሙ፣ ሦስት ዓይነት ጨርቅ አንድ እንዲመስል አድርገው ሱሪ ይሰፉልኝ ነበር። እማዬ ስትሞት አብረውኝ አላለቀሱም፤ ግን ለአንድ ዓመት በየጠዋቱ ጸጉሬን በራሳቸው እጅ አበጠሩልኝ። አንድም ቀን እወድዎታለሁ ብያቸው አላውቅም። እንዴት እንደሚባል ራሱ አላውቅም።

አንድ ኃጢአትም አለብኝ። የአቶ ገብረጻድቅን የሠርግ ሱፍ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ላግዛቸው ብዬ የከሰል ካውያውን አንስቼ ጀርባው ላይ ረሳሁት። «ፍሙ ተፈናጥሮ ነው» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ሦስት ቀን ቁጭ ብለው ሌላ ሰፉ። ሳልነግራቸው ሞቱ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ምንም ውርስ አልፈልግም። ሰው ሳይወስደው ትልቁን መቀሳቸውን ብቻ አስቀምጪልኝ። ጎማውን አልላክሁም፤ ከእንግዲህ ለማን ይሆናል?

ሐዘንተኛው ወንድምሽ
ማቴዎስ


አዋሳ፣ መጋቢት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

አንተ ማቴዎስ!

ሰላምታዬን ከሥር ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ልቆጣህ። ሰው በቁሙ ይቀበራል? ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አንብቤ እዚያው ሳቅሁ፤ ሰውም አየኝ። ከዚያ ወደ ቤት እየሄድኩ አሰብኩ። አባትህ የሚጠብቁት ያንተን ቃል ነው፤ ቃልህ ደግሞ ይኸው እጄ ላይ ነው። የሞቱ መስሎህ ባትጽፈው ኖሮ ይህን ሁሉ መቼ ትለው ነበር?

ገብቼ «ጋሼ፣ ማቴዎስ ጽፏል፤ ግን ሞተዋል ብሎ ነው የጻፈው። ላንብብልዎ?» አልኳቸው። «በደንብ አስቀምጪኝና አንብቢ» አሉ። ትራስ ደገፍኳቸውና አነበብኩ። ሩዙ ጋ ስደርስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ስፌቱ እንዳይለቅ ፈራሁ። ሱሪው ጋ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ላቁም ስላቸው «ቀጥዪ» አሉ። ጨርሼ ሳጥፈው ደግሞ «እስቲ ‹አባቴ ጥሩ ሰው ነበሩ› ካለው ጀምሪልኝ» አሉ። እስከ ዛሬ ስድስት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። እሁድ ለጠያቂ ሁሉ ይነበብ ብለው ነበር፤ ወይዘሮ አባይነሽ አንድ ወንበር አይበቃቸውም ብዬ ከለከልኩ።

ከዚህ በታች ያለው የራሳቸው ቃል ነው። እሳቸው እያሉ እኔ የጻፍኩት ነው።

ለልጄ ለማቴዎስ። እኔ አባትህ ኩማ እስከ ዛሬ ረቡዕ ድረስ አለሁ። ፎቶውን አውጣው። ፊቴን ተወውና ኮቱን እይ። የግራው ኮሌታ ከቀኙ በአንድ ጣት ይረዝማል። ትከሻው ላይ የተጎሰጎሰው ጥጥ ሸክም የተሸከምኩ አስመስሎኛል። እንዲህ ያለ ኮት በጤናዬ ዘመን ለብሼ ፎቶ ቤት እገባለሁ? የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለህም? የጠሀ የኪራይ ኮት ነው! የኔ ሁሉ ስለሰፋኝ ነው የለበስኩት፤ ከአሁን አሁን ሰው አየኝ እያልኩ ተሳቅቄ ነው የተነሳሁት። ጉንጬንም የሞላው ራሱ ጠሀ ነው፣ በእርሳስ። «ልጁ እንዲህ ከስተው ካያቸው ይደነግጣል» ብሎ አዝኖልኝ ነው። እንግዲህ እሱ ባዘነልኝ አንተ ቀበርከኝ።

ሱፉን ያቃጠልከው አንተ መሆንህን የዚያኑ ቀን አውቄአለሁ። አውራ ጣትህን በጨርቅ ጠቅልለህ ሳምንት ሙሉ በግራ እጅህ በላህ፤ እናትህም አየችህ። በራስህ አፍ እስክትነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ለመናገር የኔን ሞት መጠበቅህ ግን አናዶኛል።

መቀሱ ያንተ ነው፤ ግን ገና እየሠራሁበት ነው። የምቀበርበት ሱፍ ሁለት ሰው ያስገባል፤ ታቢታ እንድታጠብበው እያሳየኋት ነው። ልጅቷ መርፌ መውጋት ታውቅበታለች፣ መስፋት ግን አታውቅም። ሁለት ጊዜ አስፈትቻታለሁ።

በል አሁን ለእኔ ጻፍልኝ። ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት ጥሩ ጥሩውን ብቻ አትበለኝ። ጉድለቴንም ጨምርበት፤ ያኔ ስለ እኔ እንደሆነ አምናለሁ። ታቢታ ክረምትን አታይም ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ በዚህ ነገር ስትሳሳት አላየሁም።

ይኸው ነው ያሉት። ማቴዎስ፣ ፍጠን። ከአልጋ መነሳት ትተዋል፤ ወጥ በማንኪያ ነው የምሰጣቸው። ሰላምታዬ ይድረስህ።

ታቢታ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ኩማ፣

አባዬ፣ እንደምን አሉልኝ? ከእንግዲህ እንደምን አሉ ብዬ የምጽፍልዎ አልመሰለኝም ነበር።

ኮሌታውን አየሁት። እግዚአብሔር ይይለት፣ እንዴት ያለ ኮሌታ ነው! እንዲህ ያለውን ኮት እርስዎ ሬሳ ሆነው እንኳ አይለብሱትም። አልጋዬ ላይ ወድቄ ሳቅሁ፣ ከዚያ እዚያው አለቀስኩ። ጉልላት «ሞቱ ስትል አልቅሼ፣ አሉ ስትል ደግሞ ላልቅስልህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሩዝ ያመጡለት ቬትናሞች አባቱ እንዳልሞተ ሲሰሙ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሌላ ሩዝ አመጡለት። እሱም ሳያስረዳቸው በላው።

ጉድለቴን ጨምር ብለውኛል፤ እሺ። ቁጡ ነዎት። የተሰፋ ልብስ ሁሉ በዓይንዎ ይፈታሉ፤ የሠርግ ቤት ገብተው የሙሽራውን ትከሻ ያርማሉ። አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ውጭ አገር መማር ሲደርሰኝ ሰው ሁሉ ሲስመኝ እርስዎ «ካልሲ ያዝ» ነው ያሉኝ። አይሮፕላኑ ላይ ሆኜ ስለዚህ ተናድጄብዎ ነበር። እዚህ ስደርስ በረዶ ነበር። ሻንጣዬን ከፍቼ ሳይ አሥራ ሁለት ጥንድ ካልሲ አገኘሁ። መቼ እንደከተቱት አላየሁም።

አባዬ፣ እወድዎታለሁ። ሱፉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አሁን በቁምዎ ሳሉ ነገርኩዎት።

አጠገብዎ ሆኜ እጅዎን መያዝ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ይሄ ቅር ይለኛል፤ ሁልጊዜም ቅር ይለኛል። ሲደክምዎ ግን እኔን እጠብቃለሁ ብለው አይሰቃዩ። ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ ሰውም እሆናለሁ። በሰላም ይሂዱ።

ጎማውን ዛሬ ልኬያለሁ።

ልጅዎ
ማቴዎስ


አዋሳ፣ ግንቦት 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ማቴዎስ፣

አባትህ ግንቦት 5 ቀን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሞቱ። መርዶ የሚነግርህ ሽማግሌ አልፈለግሁም፤ ከእንግዲህ የሌላ ሰው ቃል አያሳምንህም ብዬ ነው። የምነግርህ እኔ ነኝ፤ ይሄኛው እውነት ነው።

ደብዳቤህ ስምንት ቀን ቀድሞ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ካጠብኳቸው በኋላ እናነብ ነበር። ቁጡ ነዎት ያልከው ጋ ስንደርስ «ውሸት ነው!» ብለው ይቆጡ ነበር። እወድዎታለሁ ያልከው ጋ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ እኔም ትንሽ ቆሜ ነበር የምቀጥለው። አርብ ዕለት «ጎበዝ ነው በይው» አሉኝ። ራስዎ ይበሉት፣ ልጻፍልዎ ስላቸው «አንዴ ተናግሬያለሁ፤ አታድክሚኝ» አሉ። እንግዲህ ተቀበል፣ ጎበዝ ብለውሃል።

ሱፉን ሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። ቅዳሜ አልጋው ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ በጣታቸው ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ይሁን፤ ለምሄድበት ይበቃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናገሩም። እሁድ ጠያቂው እየዘመረ ሳለ ትንፋሻቸው መራቅ ጀመረ። ከንፈራቸውን በርጥብ ጥጥ እየጠረግሁ እጃቸውን ይዤ ነበር። ሕመም አልነበረባቸውም፤ በዚህ አትጨነቅ። መሞታቸውን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ለማንም አልተናገርኩም።

ቀብሩ ላይ ከተማው ሁሉ ነበር። አቶ ገብረጻድቅም ያንን ሁለተኛውን የሠርግ ሱፍ ለብሰው መጡ፤ አሁንም ልክ ነው። የመጀመሪያው እንዴት እንደተቃጠለ ነገርኳቸው፤ እንዳትቆጣኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከእኛ ጋር ቆሞ ቆሞ መዝሙሩን ሳያውቀው ያንጎራጉር ጀመር። ባለፈው እሁድ ደግሞ ስልሳው ሰው ተመልሶ መጣ። «ማንን ልትጠይቁ ነው?» አልኳቸው። «አንቺን» አሉኝ። አልታመምኩም ስላቸው «እንዳትታመሚ ነው» ብለው ተቀመጡና ሁለት ሰዓት ጸለዩ። ቡና እንኳ የማፈላበት ጊዜ አልሰጡኝም።

መቀሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። ጎማው ትናንት ደረሰ፤ ሆስፒታላችን ለተኙ አንዲት እናት ሰጠኋቸው። እኔ ሥራ ገብቻለሁ። ስምንት በሽተኛ አለብኝ። ለቅሶ እስካሁን አልመጣልኝም፤ ጊዜም አላገኘሁለትም። ጌታ ያጽናህ።

እህትህ
ታቢታ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለታቢታ፣

እግዜር ያጽናሽ፤ እግዜር ያጽናናሽ። አመንኩሽ። ጉልላትም አመነ።

አለቀስኩ፤ ግን እንደ የካቲቱ አልሆነም። ያኔ ያልተነገረ ነገር ነበረብኝ፤ አሁን ምንም የለም። ያለቀስኩትን ለቅሶ ባለቤቱ ራሳቸው ሰምተው፣ ስህተቱን አርመው መለሱልኝ። ከዚህ ሁሉ አበሻ ይሄ ዕድል ለእኔ ደረሰኝ፤ የሰጠሽኝም አንቺ ነሽ።

እኔ ግን ምን አደረግሁ? ከኅዳር ጀምሮ የጻፍኩትን ሁሉ በልቤ መለስ ብዬ ሳየው፣ አንቺስ እንዴት ነሽ ብዬ አንድ ቦታ አልጠየቅኩም። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ማን ምግብ ያቀርብልሻል? አባትሽ በልጅነትሽ ሲሞቱ አምጥተው ያሳደጉሽ አባዬ ናቸው፤ አንቺም አባት ነው የሞተብሽ። እኔ እዚህ የአበሻ ተማሪ ሁሉ እጄን ይዞኝ፣ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንቺ ሰባት ወር ሙሉ ቆመሽ ነበር።

ስለዚህ አሁን ልቅሶ ደራሽ እኔ ነኝ። ከሩቅ ስለሆንኩ በወረቀት ነው የመጣሁት። ትልቅ ሴት ነሽ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሽ ነሽ፤ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ለሁለት ቀን ግን ፈቃድ ጠይቂ። ስምንቱን በሽተኞች ሌላ ሰው ይይልሽ። በሩን ዝጊ፤ ስልሳው ሰው ቢመጣም አትክፈቺ።

መልስ አትጻፊልኝ። አልቅሺ፤ ከዚያ ተኚ።

ወንድምሽ
ማቴዎስ